ከውስጥ የሚቆፈር መሿለኪያ

ኢትዮ ቴሌኮም ልደቱን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ ከ1894 ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ያስጀመሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ካህናቱ የሰይጣን ድምፅ ነው ብለው መቃወማቸው ተደጋግሞ ስለተተረከ እዚህ አልመለስበትም። እኔን የሚያነጋግረኝ ሽቦው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ ነው። እ.ኤ.አ ከ1902 እስከ 1904 ጣሊያኖች አስመራን ከአዲስ አበባ ያገናኙበት የቴሌግራፍ መስመርም እንደዚያው ነበር። መስመር ከወደብ ወይም ከቤተ መንግሥት ይነሣል፤ ወደ ደጋው እየገባ ይሳሳል። ከላይ ያለው ይጠራል፤ ከታች ያለው አቤት ይላል። ከታች ያለው ሲጠራስ? ለእሱ የታሰበ ነገር አልነበረም።

ያደግኩባት የዋግ ከተማ ሰቆጣ በዚያ ዘመን የታወቀች የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ዝቅታ የተነሣ ጨው በትግራይ አድርጎ እዚያ ይራገፋል፤ ከዚያ ተከዜን እየተሻገረ ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። ወሬም የሚመጣው ከጨው ጋር ነው። ወደ ውጭ የሚልከው ቃል ያለው ሰው ሲራራ ነጋዴው ጭኖ እስኪነሣ ይጠብቃል፤ ለነጋዴው ይነግረዋል፤ መልሱን በሚቀጥለው ጉዞ ይሰማል። ዋግ ለአገሩ ንጉሠ ነገሥት ሰጥቷል፤ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እ.ኤ.አ ከ1868 እስከ 1871 ነግሠዋል። ስልክ ግን ዘግይቶ ነው የገባለት።

እ.ኤ.አ በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ ስልክ ወደ አውራጃ ከተሞች መዝለቅ ያዘ። የደጋ ከተማ ስልክ የቤት ዕቃ አልነበረም፤ ቢሮ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሊያነጋግርህ ሲፈልግ ቀድሞ ቴሌ ሄዶ ያስመዘግባል። የከተማው ቢሮ ተላላኪ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ደጅህ ይመጣል፤ ነገ በአራት ሰዓት ስልክ አለህ ይልሃል። በነጋታው ነጠላህን አጣፍተህ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። መስመሩ ከያዘ ትነጋገራለህ፤ ካልያዘ ሌላ ቀጠሮ ይያዛል። እናቴ ይህን ስታወራ ከንግግሩ ይልቅ የሚታወሳት አግዳሚ ወንበሩ ነው።

ኋላ የኮምፒውተር ሥራ ስለምድ ያንኑ ወንበር በሌላ ስም አገኘሁት።

እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ኢንተርኔት ሳይኖራት ኢሜይል ነበራት። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል ፊዶኔት በሚሉት ዘዴ ይሠራ ነበር። ደብዳቤው ኮምፒውተር ውስጥ ይጠራቀማል፤ በቀጠሮ ሰዓት በተራ የስልክ መስመር ይደወላል፤ የተጠራቀመው ይሄዳል፤ የመጣው ይወርዳል፤ ስልኩ ይዘጋል። በ1987 እና በ1988 ዓ.ም. አካባቢ ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የተሰባሰቡ ባለሙያዎች፣ ከነሱም አንዱ ዳዊት በቀለ፣ መንግሥትን ሲወተውቱ ቆዩ። ነጥብ ኢቲ የሚለው የአገራችን መለያ እ.ኤ.አ በኦክቶበር 1995 ተመዘገበ። የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑም በ1989 ዓ.ም. አገልግሎቱን ጀመረ።

እኛ ወደ ኢንተርኔት ለመግባት በር ላይ በቆምንበት በዚያው ሰሞን ግን ኢንተርኔት ራሱ ጠባዩን እየቀየረ ነበር። ሲፈጠር ማንኛውም ኮምፒውተር የራሱ አድራሻ እንዲኖረው፣ ሁሉም ሁሉንም እንዲጠራ ታስቦ ነው። አድራሻዎቹ ግን 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነበሩ፤ እንደማይበቁም ቀድሞ ታወቀ። እ.ኤ.አ በሜይ 1994 ኬልድ ኤገቫንግና ፖል ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ናት የሚባለውን መላ በጽሑፍ አወጡ። የአጭር ጊዜ መፍትሔ ነው ብለው ነበር ያቀረቡት። ሠላሳ ዓመት አልፎት ዛሬም እዚያው ውስጥ ነን።

ናትን ለማስረዳት አዲስ አበባ ውስጥ የተከራየሁበትን ግቢ ማየት ይበቃል። ግቢው አንድ የቤት ቁጥር አለው፤ ውስጡ አሥራ አንድ ተከራይ። በሩ ላይ ዘበኛ ተቀምጧል። እኔ ወጥቼ ዳቦ ካዘዝኩ ዘበኛው ይመዘግባል፤ ዳቦው ሲመጣ የሰባት ቁጥሩ ልጅ ነው ያዘዘው ብሎ ያስገባዋል። ማንም ሳይጠራው የመጣ እንግዳ ግን በር ላይ ይቀራል። ዘበኛው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማንን ፈልገህ ነው ሲለው እንግዳው የሚያውቀው የግቢውን ቁጥር ብቻ ነው። የቤታችን ራውተር ያ ዘበኛ ነው። ላፕቶፔ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ሲይዝ ያ ከግቢው ውጭ ማንም የማያውቀው የክፍል ቁጥር ነው።

መላው በወጣ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ በ1995፣ ፊንላንድ ውስጥ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሰው ኔትወርኩ ላይ ተሸሽጎ የይለፍ ቃል ሲለቅም ተደረሰበት። እዚያው ይሠራ የነበረው ታቱ ዩሎነን በብስጭት ኤስኤስኤች የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ፤ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ሌላ ሰው የማያነበው መስመር የሚዘረጋ ነው። ለፕሮግራሙ የበር ቁጥር እንዲሰጠው ለሚመለከተው አካል ጻፈ፤ በማግስቱ 22 ቁጥር ተሰጠው። ዓመቱ ሳያልቅ በ50 አገሮች 20,000 ያህል ሰው ይጠቀምበት ጀመር።

ኤስኤስኤች የተሠራው የይለፍ ቃል ለመደበቅ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ችሎታ ነበረው፤ የተዘረጋውን መስመር ተገልብጦ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ወደ ግቢዬ ልመልስህ። እንግዳ በዘበኛው በኩል ወደ እኔ መግባት አይችልም፤ እኔ ግን መውጣት እችላለሁ። እወጣና አስፋልት ዳር ያለ ሱቅ ጋ እሄዳለሁ። ባለሱቁ ሁሉም የሚያውቀው አድራሻ አለው። የክር ጫፍ አስይዘውና ሌላውን ጫፍ ይዤ ክፍሌ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ እኔን የፈለገ ሁሉ ሱቁ ይመጣል፤ ባለሱቁ ክሩን ይስባል፤ እኔ እመልሳለሁ። ዘበኛው የሚያውቀው እኔ ወጥቼ መግባቴን ነው። ተርሚናል ላይ አንዲት መስመር ናት፤ ኤስኤስኤች ብለህ፣ አር የምትለዋን ትልቅ ፊደል አስከትለህ፣ የውጩንና የውስጡን በር ቁጥር ጽፈህ ኢንተር ማለት ነው። ፕሮግራም የሚጽፉት ዴቨሎፐሮች ታነል ይሉታል። አማርኛው መሿለኪያ ነው፤ ከዋግ ጎረቤት ላሊበላ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ጨለማውን በእጁ ግድግዳ እየዳሰሰ ያለፈ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። መሿለኪያ ሁሉ አንድ ጠባይ አለው፤ መውጫውን የሚያውቀው የቆፈረው ነው።

ይህ ሁሉ በዓለም ሲሆን እኛ ሰቆጣ ውስጥ ስለ ኢንተርኔት የሰማነው በሌላ መንገድ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ መንግሥት ወረዳኔትና ስኩልኔት የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ኔትወርኮች በሳተላይት ዘረጋ። ወረዳኔት የወረዳ ቢሮዎችን ከክልልና ከአዲስ አበባ አገናኘ፤ የወረዳ ኃላፊ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ መመሪያ ይሰማል። ስኩልኔት ወደ ክፍል ፕላዝማ ቴሌቪዥን አመጣ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። መምህራችን ገብቶ የጥቂት ደቂቃ መግቢያ ይሰጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጥግ ይይዛል፤ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይጀምራል። ጥያቄ ይጠይቀናል። ጥቂት ሰከንድ ዝም ብሎ ያየናል። ከዚያ በጣም ጥሩ ብሎ ይቀጥላል። ማንም አልመለሰለትም። አንድ ጓደኛዬ በየቀኑ እጁን ያወጣ ነበር፤ ክፍሉ ይስቃል። ዛሬ ሳስበው ትክክል የነበረው እሱ ነው።

ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011፣ ዓለም አቀፉ ማዕከል የቀሩትን የኢንተርኔት አድራሻ ክምችቶች ለአህጉራት አከፋፍሎ ባዶ ካዝና ቀረው። አጋጣሚ ነው፤ ግን ውጤቱ እጃችን ላይ አለ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አፍርቷል። አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚያየው በስልኩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ስልክ የሚሆን አድራሻ የለም። ስለዚህ ዘበኛው ከቤታችን በር ላይ ብቻ ሳይሆን ከከተማው በር ላይም ተቀመጠ፤ በአንድ አድራሻ ብዙ ስልክ ይወጣል። ሰቆጣ ቁጭ ብዬ በስልክ ዳታ ስገባ የማገኘው ቁጥር በ10 ይጀምራል፤ የግቢ ውስጥ ግቢ።

በዚህ መሐል መሿለኪያ የሚለው ነገር መጥፎ ስም ማትረፉን ካልተናገርኩ ታሪኩ ይጎድላል። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር የሚባለው የመሸሸጊያ ኔትወርክ ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘጋ፤ የተዘጋው የሚያልፈውን የመረጃ ጠባይ እየመረመረ በሚለይ ዘዴ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት ለሚሰጥ ሰው እስከ 8 ዓመት የሚደርስ እስራት አስቀመጠ። ዓላማው ተራ የስካይፕ ተጠቃሚ አይደለም ተብሎ ማብራሪያ ቢሰጥም፣ ያኔ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ኤስኤስኤችን ሲከፍት ትንሽ ዞር ዞር ብሎ ማየቱ አልቀረም። በ2009 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ደግሞ ኮምፒውተር ያልተማረው ሰው ሁሉ ሳይፎን የሚባለውን እገዳ ማለፊያ ቪፒኤን ስልኩ ላይ ጫነ። ብዙዎቹ አያውቁም እንጂ ሳይፎን ውስጥ የሚሠራው ያው የሄልሲንኪው ኤስኤስኤች ነው። ዩሎነን በንዴት የጻፈው ነገር ታክሲ ውስጥ የተሳፋሪ ኪስ ገባ።

ወደ ዴቨሎፐሮቹ እንመለስ። እ.ኤ.አ በ2007 ጄፍ ሊንዚ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ዌብሁክ የሚለውን ቃል ፈጠረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ተፈጸመ ወይ ብለህ አሥር ጊዜ ከምትጠይቅ፣ ሲፈጸም እነሱ ራሳቸው መጥተው ይንገሩህ። የቴሌ ቢሮው አግዳሚ ወንበር ቀረ ማለት ነው፤ ተላላኪው ቤትህ ይመጣል። ታዲያ ተላላኪው እንዲመጣ የታወቀ አድራሻ ያስፈልጋል፤ ዴቨሎፐሩ ደግሞ ገና እየሠራ ያለውን ነገር የሚያስኬደው ላፕቶፑ ላይ፣ ከናት ጀርባ ነው። ሊንዚ ራሱ ሎካልተነል የሚባል መሣሪያ ሠራለት። እ.ኤ.አ በ2013 አለን ሽሪቭ ኤንግሮክን አወጣ፤ ክሩንም ባለሱቁንም አንድ ላይ አዘጋጅቶ የሚሰጥ። የበሩን ቁጥር ብቻ ትነግረዋለህ፤ በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር አድራሻ ይሰጥሃል። ክላውድፍሌርም እ.ኤ.አ በ2018 የራሱን ታነል አመጣ፤ በ2021 በነፃ ለቀቀው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ነገር ያስለመደው ቴሌግራም ነው። እ.ኤ.አ በጁን 2015 ቴሌግራም ማንም ሰው ቦት፣ ማለትም መልእክት ተቀብሎ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም፣ እንዲሠራ ፈቀደ። በሳምንታት ልዩነት፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ የሰቆጣ ስም በሌላ ነገር ዓለም ሰማው፤ መንግሥት እ.ኤ.አ እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ውል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የለም ትል ይሆናል፤ እኔ ግን ያኔ በአዲስ አበባ የቢሮ ስክሪን ላይ ሰቆጣ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ባየሁ ቁጥር አገሬ ስለ እሷ የሚወራባት እንጂ ራሷ የምታወራ አትመስለኝም ነበር። ከዚያ ክፍያው መጣ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ቻፓን የመሰሉ የክፍያ መግቢያዎች ፈቃድ አገኙ። ደንበኛው ሲከፍል ማሳወቂያው በዌብሁክ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ኢንተርንሽፕ የገባ ተማሪ ሁሉ ኤንግሮክን ከመጀመሪያው ሳምንት ይተዋወቀዋል።

ዋግ በዚያን ሰሞን ሌላ ነገር ላይ ነበረች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ገባ፤ ከተማዋ ለወራት ከመንግሥት እጅ ወጣች። ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሰው ሰቆጣ አጠገብ ወለህ ላይ ሰፈረ። ስለዚያ ጊዜ እዚህ የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለቤተሰቦቼ መደወል አልተቻለም ነበር።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሰቆጣ ሄድኩ። አክስቴ የማር ነጋዴ ናት። የዋግ ነጭ ማር የማይታወቅበት የለም፤ አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን በየጊዜው ደውለው ያዟታል፤ ማን ስንት ኪሎ እንዳዘዘ በልጇ ደብተር ታስጽፋለች። እኔ ትእዛዝ የሚቀበል የቴሌግራም ቦት ልሠራላት ወሰንኩ። እሷ አልጠየቀችኝም፤ ይህን ልብ በል።

ችግሩ ቴሌግራም ራሱ ተዘግቶ መቆየቱ ነው። በየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ውጥረት ሲነግሥ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም በአገሪቱ ታግደው ነበር፤ በሰኔም አልተከፈቱም። ደንበኞቹ ወይ ውጭ አገር ናቸው ወይ ቪፒኤን አላቸው። የእኔ ላፕቶፕ ግን ከስልኬ በተጋራ ዳታ ላይ ነው፤ ቪፒኤን ካበራሁ ዳታውን ይጨርሰዋል፤ በየአሥር ደቂቃውም ይቋረጣል።

ማታ፣ የአክስቴ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ስልኬን ኔትወርክ በሚያገኝበት መስኮት ላይ አስቀምጬ ጃንጎ በሚባለው መሣሪያ የጻፍኩትን ፕሮግራም በ8000 በር አስነሣሁ። ኤንግሮክን በሌላ የተርሚናል መስኮት ከፈትኩ፤ አድራሻ ሰጠኝ። ቪፒኤኑን ለአንድ ደቂቃ አብርቼ አድራሻውን ለቴሌግራም አስመዘገብኩና አጠፋሁ። አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ደወልኩ፤ ቦቱን ማር አለ ወይ ብለህ ጠይቀው አልኩት። ጠየቀ። የእኔ ስክሪን ላይ አንዲት መስመር መጣች፤ 400 ትላለች፤ ጃንጎ የማላውቀው አድራሻ ነው ብሎ መልሶታል። በቅንብሩ ውስጥ የኤንግሮክን ስም ከተፈቀዱት ዝርዝር ጨመርኩ። እንደገና። 200 አለ። ገባ!

መልሱ ግን አልሄደም። ቴሌግራም በታነሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ ወደ ቴሌግራም ስሄድ በሩ ዝግ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ተክዤ ቆየሁ። አክስቴ ቡና አቅርባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ሰው ደጄ ድረስ ይመጣል አክስቴ፤ እኔ ግን መልሱን የምልክበት የለኝም።»

«የመጣው ሰው ሄደ?»

«አልሄደም፤ መልስ እስክሰጠው በር ላይ ይቆማል።»

«ታዲያ በእሱ እጅ አትልክም?»

ትዝ አለኝ። የቴሌግራም መመሪያ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፤ ዌብሁክ መልእክት ይዞ ሲመጣ፣ ደርሶኛል በምትልበት ምላሽ ውስጥ ራሱ የምትልከውን ጽሑፍ አስቀምጠህ መመለስ ትችላለህ። ለብቻህ ወደ ቴሌግራም መሄድ አያስፈልግም። ፍጥነት ለመቆጠብ የተቀመጠች ነገር ናት፤ ዴቨሎፐሮች ብዙም አይጠቀሙባትም። አሥር መስመር ቀየርኩ። ጓደኛዬ እንደገና ጠየቀ። «አለ። ስንት ኪሎ?» የሚለው ስልኩ ላይ ወጣለት።

«አንቱ ዴቨሎፐር ነዎት» አልኳት።

«በመጣ ሰው እጅ መላክማ የጥንት ነው» አለች፤ ጀበናውን አነሣች።

ለአንድ ሳምንት እንዲህ ሠራን። መብራት ሲሄድ ታነሉ ይወድቃል፤ ሲነሣ አድራሻው ሌላ ነው፤ ቪፒኤን ማብራት፣ እንደገና ማስመዝገብ። በዚያው ዓመት ለነፃ ተጠቃሚም አንድ ቋሚ ስም መሰጠት እንደተጀመረ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አክስቴን ግን ክፍያው ላይ አላሳመንኳትም። ሲከፈል ቦቱ ያሳውቃል ስላት የቴሌብሩን ኤስኤምኤስ አሳየችኝ፤ «ይኼ ይነግረኝ የለ» አለች። የምመልሰው አጣሁ።

አንድ ጠዋት በ4040 በር ላይ ያለውን የኤንግሮክ መቆጣጠሪያ ስከፍት ለማንም ያልነገርኩት አድራሻ ላይ እንግዶች አገኘሁ። አንዱ የዎርድፕረስ መግቢያ ይፈልጋል፤ እኔ ዎርድፕረስ የለኝም። ሌላው ነጥብ ኢኤንቪ የሚባለውን፣ የይለፍ ቃል የሚቀመጥበትን ፋይል ይጠይቃል። ያኛው ግን ነበረኝ። ፕሮግራሙ ወደ ውጭ የማያሳየው ሆኖ ነው እንጂ የአክስቴ ደንበኞች ስልክ ቁጥር የተቀመጠበት ዳታቤዝ ቁልፍ እዚያ ውስጥ ነበር። ኢንተርኔትን ቀን ከሌት በር በር የሚያንኳኩ ማሽኖች ሞልተውታል፤ ግቢ ውስጥ ስትኖር ዘበኛው ይመልስልሃል። መሿለኪያ ስትቆፍር ዘበኛውን ራስህ አሰናብተኸዋል። የዚያን ዕለት ቁልፉን ቀየርኩ፤ ለቴሌግራም ብቻ የሚታወቅ የምስጢር ቃል በእያንዳንዱ መልእክት ላይ እንዲመጣ አደረግኩ፤ ያ ቃል የሌለው ሁሉ 403 እየተባለ ይመለስ ጀመር። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነው።

በሐምሌ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ አሮጌውን ላፕቶፕ ለአክስቴ ልጅ ትቼለት መጣሁ። ውጭ አገር ሰርቨር ለምን አልተከራየህም የሚለኝ አይጠፋም፤ ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፤ እኔ ያለኝ የብር ካርድ ነው። ሐምሌ 10 ቀን ቴሌግራም ተከፈተ። ልጁ ቋሚውን ስም አስገባ፤ ቪፒኤን ቀረ፤ ትእዛዙ መምጣት ጀመረ። ደስ የሚል 18 ቀን ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ ሰቆጣ በምትገኝበት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታነል ዘበኛን ያልፋል፤ የታገደን ድረ ገጽ ያልፋል፤ ስልኩ ራሱ ዳታ ካላገኘ ግን ክሩን የሚይዘው የለም። ዳታው በክልሉ አንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ያን ሳምንት አዲስ አበባ ሆኜ ቦቱ ምን ላይ እንዳለ ቴሌግራምን ጠየቅኩት። የመጨረሻ ስህተት፦ ከዌብሁኩ የመጣው ምላሽ ትክክል አይደለም። ያልደረሱ መልእክቶች፦ 6። በማግስቱ ስጠይቀው 0 ይላል። ደርሰው አይደለም። ቴሌግራም ያልደረሰ መልእክት የሚያቆየው ለ24 ሰዓት ብቻ ነው።